ጋዙ አላለቀም፦ ሐዋሳ ላይ የተመረመረ የአንድ አሮጌ ካምፐር ፍሪጅ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራች ካምፐር ናት። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ የሚዘረጋ አልጋ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ማብሰያ፣ አነስተኛ የዕቃ ማጠቢያና 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ፍሪጅ አላት። ባለቤቶቿ ዕድሜያቸውን ጀርመን ውስጥ ያሳለፉ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ መኪናዋን በመርከብ ሞምባሳ ድረስ ልከው በናይሮቢና በሞያሌ በኩል አገራቸው ገብተዋል። ሐዋሳ ሲደርሱ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ ግቢ ውስጥ አቆሟት። ባልየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወስዱት ኢንሱሊን የሚቀመጠው በዚያው ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ደግሞ መኪናዋ ቆማ በጋዝ ሲለኮስ ማቀዝቀዝ ትቷል።

እኔ ከመጠራቴ በፊት ሌላ ባለሙያ አይቶት ነበር። የሰጠው ፍርድ «ጋዙ አልቋል፤ ከኋላ ያለው ቱቦ ተቆርጦ መሙያ ይበየድለትና እንደገና ይሞላል» የሚል ነው። ሥራው ለማግሥቱ ተቀጥሮ፣ የመበየጃው ዋጋም ተነጋግረውበት ነበር። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ስለዚያ ቀጠሮ ነው። ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ደህና ፍሪጅ ከመበላሸቱም በላይ፣ በጠባብ መኪና ውስጥ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበር።

የቤት ፍሪጅ ለለመደ ጠጋኝ «ጋዝ አልቋል» ማለት ቀላል ነው። የቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር አለው፤ ጋዙ ቢሾልክ ቀዳዳው ተፈልጎ ይደፈናል፣ ይሞላል። ይህኛው ግን ኮምፕረሰርም ሆነ አንድም የሚሽከረከር ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1922 ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ስቶክሆልም ውስጥ ተማሪዎች ሳሉ የፈጠሩት ሥርዓት ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኤሌክትሮሉክስ ገዝቶ ለዓለም አዳረሰው። በታሸገው ብረት ቱቦ ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አሉ። ከታች ያለው ማሞቂያ ክፍል ሲግል አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ በትነት ይወጣል፤ በሚወጣበት ጊዜ አረፋው ውሃውን ጭምር ወደ ላይ ይገፋዋል። ትነቱ ከኋላ ባሉት ክንፋም ቱቦዎች በአየር ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ፍሪጁ ውስጥ ወዳለው ክፍል ሲገባ ሃይድሮጅን ያገኘዋል፤ ከሃይድሮጅኑ ጋር በተገናኘበት ቦታ አሞኒያው በዝቅተኛ ሙቀት ሊተን ስለሚችል ሙቀቱን ከምግቡና ከመድኃኒቱ ይወስዳል። ከዚያ ድብልቁ ጋዝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይጠጣዋል፣ ሃይድሮጅኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሙቀትና በምድር ስበት ብቻ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለው ፍሪጅ ላይ «ጋዝ» ሲባል የትኛው ጋዝ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ያለው የሚነድ ጋዝ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው በፋብሪካ ተለክቶ የታሸገ ነው፤ ግፊቱ ከ20 ባር በላይ ነው፤ አሞኒያው ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ሃይድሮጅኑ ደግሞ በእሳት ይፈነዳል። በመንገድ ዳር ጋራዥ ሊሞላ ቀርቶ በመጋዝ ሊነካ አይገባውም። ይህን ለባለቤቶቹ ስነግራቸው ሚስትየዋ፣ «ታዲያ ወንድሜ፣ ሳይቆረጥ የሚድን ነው?» አሉኝ። «እህቴ፣ ዛሬ ማታ በመብራት እናቆየውና ነገ ጠዋት መልሱን አብረን እናያለን» አልኳቸው።

ለዚህ መልስ ያበቃኝ የቀድሞ ሥራዬ ነው። ኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በ1980 ከጀመረች በኋላ፣ መብራት ባልደረሰባቸው ወረዳዎች ክትባቱን ያቆዩት በላምባ የሚነዱ ማቀዝቀዣዎች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት እነዚያን ስጠግን ኖሬአለሁ። ያ ማቀዝቀዣና ይህ የካምፐር ፍሪጅ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ በክር ላምባ ማንደዱ፣ ሌላው በጋዝ ማንደዱ ብቻ ነው። በጤና ጣቢያዎች «ሞተ» ተብለው ጥግ ተገፍተው ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ የታሸገው ቱቧቸው ጤነኛ ነበር። ክሩ ያልተስተካከለ፣ ጭስ ማውጫው በጥላሸት የታፈነ፣ ወይም ወለሉ ዘመም ያለ ሆኖ ነው የሚገኘው። ይህን የሚያውቅ ሰው መቁረጫ ከማንሳቱ በፊት እሳቱን ያያል።

በመጀመሪያ ከውጭ ያሉትን የአየር መስኮቶች ፈትቼ የኋላውን ክፍል በባትሪ አየሁ። የአሞኒያ ሽታ የለም። በብየዳዎቹና በቱቦዎቹ ላይ ቢጫ ዱቄትም የለም። ብረቱ ከውስጥ እንዳይዝግ ሶዲየም ክሮሜት የሚባል ቢጫ ጨው ከፈሳሹ ጋር ስለሚጨመር፣ ቱቦው ሲሾልክ ያ ቢጫ ዱቄት ውጭ ይቀራል። እሱ ከታየ ነገሩ አብቅቷል፤ ዱቄቱም መርዛማ ስለሆነ በባዶ እጅ አይነካም። እዚህ ያገኘሁት ቢጫ ሳይሆን ጥቁር ነበር፦ በጭስ ማውጫው አፍ ዙሪያ ያለው የመኪናዋ ቀለም በጥላሸት ተለብጧል። የላይኛው የአየር መስኮት ደግሞ በመንገድ አቧራ እንዳይገባ በሚል ከውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ነበር።

ቀጥሎ ውሃ ልክ አውጥቼ በበረዶ ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። ግቢው ወደ ሐይቁ ያዘነብላል፤ መኪናዋም አብራ አዘንብላለች። እንዲህ ያሉ የቆዩ ፍሪጆች ወደ ጎን ከ3 ዲግሪ ያህል በላይ ሲዘምሙ ፈሳሹ በማይገባው ቦታ ይጠራቀምና ማሞቂያው ክፍል ይደርቃል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ ለብዙ ሰዓት እየነደደ ከቆየ ግን ጨውየው ረግቶ ቀጭኑን የአረፋ ቱቦ ይደፍነዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። መኪናዋ ስትሄድ መንገዱ ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዛት ችግር የለም፤ አደገኛው አዘንብሎ መቆም ነው። ሁለቱን የታችኛ ጎማዎች በሳንቃ ላይ አውጥተን አስተካከልናት።

ከዚህ በኋላ የጉዳዩ ማዕከል የሆነው ሙከራ መጣ። ፍሪጁ በሦስት መንገድ ይሞቃል፦ በጋዝ ነበልባል፣ በመኪናው 12 ቮልት፣ በቤት መብራት። ሦስቱም የሚያሞቁት ያንኑ አንድ ክፍል ነው። በመብራት ቀዝቅዞ በጋዝ ካልቀዘቀዘ የታሸገው ቱቦ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ከሲሊንደሩ እስከ ጭስ ማውጫው ባለው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። በሁሉም ካልቀዘቀዘ ብቻ ነው ቱቦው የሚጠረጠረው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሶኬትና ትዕግሥት ብቻ ሆኖ ሳለ የመቁረጥ ቀጠሮ መያዙ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሆኖም ሙከራው ራሱ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመለኪያው ላይ የማሞቂያው ሽቦ 420 ኦም ገደማ አሳየ፤ ሰሌዳው ላይ 230 ቮልት፣ 125 ዋት ስለሚል ልክ ነው። የግቢውን ሶኬት ስለካ ግን የምሽቱ ኃይል 195 ቮልት ነበር። ቮልቱ ሲቀንስ ሙቀቱ ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል፦ በ195 ቮልት ይህ ማሞቂያ የሚሰጠው ከሙሉ ኃይሉ 72 በመቶውን ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ አድሮ ጠዋት «በመብራትም አልሠራም» ተብሎ ቢፈረድ ፍርዱ ስሕተት ይሆናል። ከሱቄ ስታቢላይዘር አስመጣሁ፣ ቴርሞሜትር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ፤ እስከ ጠዋት ማንም እንዳይከፍተውም አስጠነቀቅሁ። የሚጠቀሙበት ኢንሱሊን ለዚያች ሌሊት በማረፊያው ማድ ቤት ፍሪጅ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ፍሪጅ ከሙቅ ተነስቶ በደንብ ለመቀዝቀዝ ግማሽ ቀን ያህል ስለሚወስድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንም መፍረድ አይቻልም።

ጠዋት ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ላይ ነበር፤ የበረዶ ቤቱ ግድግዳም ነጭ አመዳይ አውጥቷል። ባልየው ጣታቸውን በአመዳዩ ላይ አሳልፈው ዝም አሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የመበየዱን ቀጠሮ ሰረዙ።

አሁን ወደ እሳቱ። ሲሊንደሩን ከፍቼ ማያያዣዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ የነፋ የለም። በዚህ ሥራ ጋዝ መሾለኩን እስካሁን በክብሪት የሚፈትሹ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ከዚያ ለኮስነው። በፍሪጁ ውስጥ ታችኛው ጥግ ባለችው ትንሽ የመስታወት ቀዳዳ ነበልባሉ ይታያል፤ መስታወቱ ራሱ ጠቁሮ ስለነበር መጀመሪያ ማጽዳት ነበረብን። የሚታየው ነበልባል ረጅም፣ ጫፉ ቢጫ፣ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ጤነኛ ነበልባል አጭርና ሰማያዊ ነው፣ ቆፍጠን ብሎ ይቆማል፣ ጆሮ ሲጠጋው የማያቋርጥ ለስላሳ የ«እሽሽ» ድምፅ ይሰማል። ይኸኛው ጥቂት ደቂቃዎች ነድዶ ጠፋ፣ የጋዙ መዝጊያም ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ቢጫ ነበልባል ማለት ለጋዙ የሚበቃ አየር አልተገኘም ማለት ነው፤ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ጋዙ በዝቷል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ለአውሮፓ ቆላ የተስተካከለ ማንደጃ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ወደ ቢጫ ያደላል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ደግሞ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመንደድ 24 እጅ አየር ሲበቃው፣ ቡቴን 31 እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ግን ፍሪጅ አያጠፉም። በዚህ ከፍታ በደንብ የሚነዱ አይቻለሁ። ሦስተኛ ነገር መኖር ነበረበት።

እሱን ያገኘነው በውሃ ነው። የጋዝ ግፊት መለኪያዬ አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ከመሐሉ ታጥፎ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ እንዲቆሙ በሳንቃ ላይ ታስሯል፣ ግማሹ ድረስ ቀለም የተጨመረበት ውሃ አለው፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተለጥፏል። አንዱን ጫፍ ከፍሪጁ የጋዝ መፈተሻ ቀዳዳ ጋር አገናኝቼ ሲሊንደሩን ስከፍት ውሃው በአንዱ በኩል ወርዶ በሌላው ወጣ። አንድ ሚሊባር ግፊት የአንድ ሴንቲሜትር ከጥቂት የውሃ ልዩነት ነው። የፍሪጁ ሰሌዳ 30 ሚሊባር ይላል፤ ስለዚህ በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት 31 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። እኛ ያነበብነው 46 ነበር፤ ያውም ማንደጃው እየነደደ።

«ይህን ሬጉሌተር ከየት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሬጉሌተር በሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ ነው። የጀርመኑ ሬጉሌተር በመንገድ ላይ ከገዙት ሲሊንደር አፍ ጋር አልገጠመም፤ ሻጩም በእጅ የሚዞር፣ ለትልልቅ ማብሰያ የሚሆን ሬጉሌተር ሰጥቷቸዋል። ምድጃው ላይ ሻይ በፍጥነት ስለፈላ ደስ ብሏቸው ነበር። ለፍሪጁ ግን ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲሆን በኖዝሉ፣ ማለትም ጋዙ ወደ ማንደጃው በሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ፣ የሚያልፈው ጋዝ በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሳሳ አየር ላይ የተጨመረ ጋዝ ቢጫ ነበልባል ሆነ፤ ቢጫው ጥላሸት ጣለ፤ ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን አጠበበው፤ ጭስ ማውጫው ሲጠብ ንፋሱ አልስብ አለ፣ አየሩም ይበልጥ አነሰ። እያደር እየከፋ ሄዶ በመጨረሻ ነበልባሉ በራሱ ጭስ ታፍኖ መጥፋት ጀመረ።

ጽዳቱ ከሁሉ የቆሸሸው ሥራ ነው፤ ከሁሉ የሚያረካውም እሱ ነው። ማንደጃውን ፈትተን አወጣንና ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንን። ከላይ በጭስ ማውጫው ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠለ ጠመዝማዛ ላሜራ አለ፤ ሙቀቱ በቀጥታ ሮጦ እንዳይወጣና ግድግዳውን እየነካ እንዲያልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ስናወጣው ጠመዝማዛነቱ አይታይም ነበር፤ ጥላሸቱ መታጠፊያዎቹን ሞልቶ ዱላ አስመስሎታል። ቱቦውን በረጅም የጠርሙስ ብሩሽ ስንፈትገው በጨርቁ ላይ እፍኝ የሚሞላ ጥላሸት ወረደ። ላሜራውን ስንመልስ የሽቦውን ርዝመት ሳንለውጥ በነበረበት ከፍታ ሰቀልነው። ከነበልባሉ በጣም ቢቀርብ ነበልባሉን ይሰብራል፣ ቢርቅ ደግሞ ማሞቂያውን ክፍል በተገቢው ቦታ አያሞቀውም።

ኖዝሉን ስንፈታ ረዳቴ ቀዳዳውን ለመጥረግ መርፌ አነሳ፤ እጁን ያዝኩት። ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በመርፌ ጫፍ ጥቂት ከሰፋ ለዘለዓለም ትርፍ ጋዝ ያሳልፋል፣ የሸሸነው ቢጫ ነበልባልም ተመልሶ ይመጣል። በአልኮል ነክረን አቆየነው፣ ከዚያ በንፋስ ነፋነው፤ ከጋዝ ጎማው የሚመጣው ቅባት የመሰለ ዝቃጭ ለቀቀ። የማንደጃውን የአየር ቀዳዳዎችም በዚያው አጸዳን፤ አንደኛው ላይ የሸረሪት ድር ነበር።

ቴርሞካፕሉ ቀረ። ይህ በነበልባሉ ውስጥ የሚቀመጥ የብረት ጫፍ ሲሆን፣ ሲግል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኤሌክትሪክ የጋዙን መዝጊያ ከፍቶ ይይዛል። ነበልባል ከጠፋ ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ጋዙም ይዘጋል። ሰው ተኝቶ ጋዝ እንዳይሞላበት የሚጠብቀው እሱ ነው። የጋዙ መክፈቻ ቁልፍ ሁልጊዜ ተጭኖ እንዲቆይ በላስቲክ ያሰሩ ሰዎች ስላየሁ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው፤ በምንም ምክንያት አይታለፍም። ጤነኛው በነበልባል ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ይሰጣል። ከጽዳቱ በፊት የኛው 9 ብቻ ነበር፤ ጥላሸቱ ከተጠረገና ጫፉ ነበልባሉ መሐል እንዲገባ ከተስተካከለ በኋላ 24 ደረሰ። አዲስ መግዛት አላስፈለገም።

ሬጉሌተሩን ከከተማው ሱቅ በማይዞር ዓይነት ቀየርነው፤ ከነሲሊንደሩ እየለካን 30 ሚሊባር ገደማ የሚሰጠውን መርጠን ወሰድን። የላይኛውን መስኮት ፕላስቲክ አንስተን በምትኩ ወንፊት አደረግንበት። ስንለኩሰው አጭርና ሰማያዊ ነበልባል ቆመ። ረዳቴ ባልየውን፣ «ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው ይዩት» አላቸው፤ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

ፍሪጁ በጋዝ አደረ፤ ጎህ ሲቀድ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ነበር። የሐዋሳ ሌሊት ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የዚህ ፍሪጅ የጋዝ መቆጣጠሪያ ደግሞ ነበልባሉን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ አሮጌ ስለሆነም ዘግይቶ ነው የሚያሳንሰው። ለቢራና ለሥጋ ይህ ምንም አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ አንዴ ወደ በረዶ ከተለወጠ ቢቀልጥም ይጣላል፣ በዓይን ደህና ቢመስልም። በክትባት ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ ሙቀትን ይፈራል፣ መድኃኒቱን ግን ብርድም እኩል ይገድለዋል። ስለዚህ የተጠገነ ፍሪጅ ካልተጠገነው የበለጠ ሊጎዳቸው ይችል ነበር።

መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርገን እንደገና አሳደርነው። ኢንሱሊኑ ፍሪጁን ከውስጥ ከሚያቀዘቅዘው ክንፋም ብረት ርቆ በታችኛው መደርደሪያ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ምግብ ዕቃ ውስጥ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ከሚመዘግብ ቴርሞሜትር ጋር እንዲቀመጥ አደረግን። ሌሊቱን ከ3 በታች ሳይወርድ፣ ቀኑን ከ7 በላይ ሳይወጣ ዋለ። ከጥገናው በፊት ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን ምን እንደሚደረግ የእኔ ሙያ ስላልሆነ ወደ ፋርማሲ ላክኋቸው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከፍሪጅ ውጭ ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ያህል ስለሚቆዩ፣ ፋርማሲስቷ በማሸጊያው ላይ ቀን ጽፋ ቶሎ እንዲጠቀሙበት ነገረቻቸው።

ከመሄዳቸው በፊት ጥቂት ነገር አሳሰብኳቸው። ነዳጅ ማደያ ከመግባታቸው በፊት የጋዙን ነበልባል ማጥፋት አለባቸው፤ ክፍት እሳት ነውና። ስምንት አምፔር ያህል ስለሚጠጣ 12 ቮልቱን ሞተር ጠፍቶ አይጠቀሙበትም፤ 70 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ግማሽ ያደርሰዋል። ሲያቆሙ የፍሪጁ ጎን ከፀሐይ ይሸሽ። ሲሊንደር በቀየሩ ቁጥር ነበልባሉን በመስታወቷ ይዩት፤ ቢጫ ከሆነ ያጥፉት።

ከአርባ ምንጭ ሚስትየዋ ደወሉልኝ። አርባ ምንጭ ከሐዋሳ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ናት፤ ከሰዓት በኋላ የዕቃው ሙቀት 9 ዲግሪ ደርሷል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ጠየቅኋቸው፤ ሰማያዊ ነው አሉ። ስለዚህ የቀረው ከኋላ ያለው ሙቀት አለመውጣቱ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ፈልገው፣ በላይኛው መስኮት በኩል አየሩን ወደ ውጭ እንዲስብ እንዲያስሩት ነገርኳቸው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት 6 ዲግሪ እንዳነበቡ ነገሩኝ።